ከሩቅ የሚወጋ ሰው ሥራ፤ በ«ወርልድ ኦፍ ዋርክራፍት» ስለ አዳኙ አጨዋወት አጭር መግለጫ

ይህን ጽሑፍ ለማዘጋጀት ምክንያት የሆነኝ በመኝታ ክፍላችን የተነሣ አንድ ክርክር ነው። አንድ ጓደኛዬ ስጫወት ከኋላዬ ቆሞ ጥቂት ጊዜ ከተመለከተ በኋላ፤ «አንተ ሩቅ ቆመህ ቀስት ትለቃለህ፤ ሌላው ፊት ለፊት ገብቶ ይሞታል። ይህ ምን ሙያ አለው?» አለኝ። ያን ጊዜ የሰጠሁት መልስ ቍጣ እንጂ ማስረጃ አልነበረም። በኋላ ነገሩን ሳስበው ግን ጥያቄው መልስ የሚገባው መሆኑን ተረዳሁ፤ ጨዋታውን ለብዙ ዘመን የተጫወቱ ሰዎች እንኳ አዳኝ የሚባለውን ተዋጊ የሰነፍ ምርጫ ነው ሲሉ ይሰማሉና። ስለዚህ ከዚህ በታች፤ ከሩቅ መዋጋት በእውነት ምን እንደሚጠይቅ፤ ከጨዋታው ሕግና ከራሴም ስሕተት በመነሣት ለመግለጽ እሞክራለሁ። ጨዋታውን የማያውቁ መምህራንና ጓደኞችም እንዲከተሉት ስል ጥቂት መቅድም አስቀድማለሁ።

«ወርልድ ኦፍ ዋርክራፍት» ብሊዛርድ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ እ. ኤ. አ. በኖቬምበር 2004 ያወጣው ጨዋታ ሲሆን፤ እጅግ ብዙ ሰዎች በኢንተርኔት አማካይነት በአንድ ምናባዊ ዓለም ውስጥ እየተገናኙ አብረው የሚዋጉበት ነው። ኩባንያው እ. ኤ. አ. በኦገስት 2019 ጥንታዊውን መልክ «ክላሲክ» በሚል ስም እንደገና ከፈተው። እኔ የምናገረው ስለዚሁ ስለ ክላሲክ ነው። በዋናው ጨዋታ ላይ በየጊዜው በተደረገው ለውጥ አዳኙ እ. ኤ. አ. ከ2010 ጀምሮ ፍላጻ ቈጥሮ መያዝ ቀርቶለታል፤ ከ2012 ጀምሮ ደግሞ ጠላት አጠገቡ ቢቆምም መተኰስ ተፈቅዶለታል። በኔ አስተያየት ይህ ለተጫዋቹ ምቾት ቢሰጠውም ለጥናት የሚሆነውን ነገር አሳንሶታል።

በቡድን ውጊያ ሦስት ዓይነት ሥራ አለ። አንደኛው ታንክ የሚባለው ነው፤ ጋሻ ይዞ ከጠላት ፊት ይቆማል፤ የጠላትን ምት ሁሉ እሱ ይቀበላል። ሁለተኛው ሂለር ሲሆን የቈሰሉትን ይፈውሳል። ሦስተኛው ጉዳት አድራሹ ነው፤ ከነዚህም አንዳንዶቹ በቅርብ በሰይፍ፤ አንዳንዶቹም በሩቅ በአስማትና በቀስት ይዋጋሉ። አዳኙ ከነዚህ ከኋለኞቹ ወገን ነው።

አሁን ጠላት ማንን እንደሚመታ የሚወስነው ምን እንደሆነ ማወቅ ያስፈልጋል። ተጫዋቾች «ትሬት» ይሉታል፤ እኔ ቂም ብለው ይሻላል። ጠላቱ በልቡ የቂም መዝገብ የያዘ ይመስል፤ እያንዳንዱ ተዋጊ ያደረሰበትን ጉዳት በስሙ ይጽፍበታል፤ መዝገቡንም እያየ ወደ ባለብዙው ዕዳ ይዞራል። ታንኩ ጥቂት ጉዳት እያደረሰ ብዙ ቂም የሚያስጽፍበት ልዩ ዘዴ ተሰጥቶታል። ደንቡ እንዲህ ነው። የታንኩ ቂም 1000 ቢሆን፤ በቅርብ ያለው ተዋጊ የጠላትን ፊት ወደ ራሱ የሚያዞረው 1100 ሲያልፍ ነው፤ በሩቅ ያለው ግን 1300 እስኪያልፍ ድረስ አይነካም። ጓደኛዬ «ሩቅ ቆመህ» ሲል ያየው ይህን ትርፍ ነው። ያላየው ግን ትርፉ ሲያልቅ የሚሆነውን ነው። ኦኒክሲያ የምትባለው ዘንዶ ከአፏ የምትተፋው እሳት ከፊቷ ያለውን ሁሉ ይፈጃል፤ ስለዚህ ታንኩ ፊቷን ከቡድኑ ወደ ሌላ አዙሮ ይይዛታል። አንድ ችኩል ቀስተኛ ከመጠን ያለፈ ቂም ያስጻፈ እንደሆነ ዘንዶዋ ወደሱ ትዞራለች፤ ከሱ ጋርም አጠገቡ የቆሙት ሂለሮች ይነዳሉ። ቀስተኛው የሚሞተው ብቻውን አይደለም።

ለዚህ መድኃኒቱ ሞቶ መምሰል ነው። አዳኙ በድንገት ይወድቃል፤ ጠላቱም የሞተ መስሎት የሱን ቂም ከመዝገቡ ይሰርዛል። ይህን ዘዴ በ30 ሴኮንድ አንድ ጊዜ መጠቀም ይቻላል። ብዙ ጀማሪዎች ጠላቱ ወደነሱ መሮጥ ከጀመረ በኋላ ይወድቃሉ፤ ዘዴው ግን አልፎ አልፎ ሳይሠራ ስለሚቀር፤ እስከዚያ የቈየ ሰው ሁለተኛ ዕድል የለውም። ጥሩ አዳኝ ገና 1300 ሳይደርስ፤ ማንም ምንም ሳይለው፤ በየጊዜው እየወደቀ ይነሣል።

ስለ አተኳኰሱ ደግሞ ጥቂት ልዘርዝር። አዳኙ ቀስቱን አንድ ጊዜ ካዘዘው በኋላ ቀስቱ በራሱ ጊዜ ይተኵሳል። የቀስቱ ፍጥነት 3 ሴኮንድ ነው እንበል። ከነዚህ ከ3 ሴኮንዶች መካከል የመጨረሻዋ ግማሽ ሴኮንድ የማነጣጠሪያ ጊዜ ናት፤ በዚያች ጊዜ አዳኙ የተራመደ እንደሆነ ቀስቱ እስኪቆም ድረስ ይጠብቀዋል። በተቀሩት 2 ሴኮንድ ተኩል ግን እንደ ልቡ ሊሮጥ ይችላል። እንግዲህ በየተኩሱ ግማሽ ሴኮንድ የሚያባክን ሰው ምን እንደሚያጣ እንቍጠር። በ3 ደቂቃ ውጊያ ውስጥ 180 ሴኮንድ አለ፤ በየ3 ሴኮንዱ የተኰሰ 60 ፍላጻ ይለቃል፤ በየ3 ሴኮንድ ተኩሉ የተኰሰ ግን 51 ብቻ ነው የሚለቀው። ያው ቀስት፤ ያው ልብስ፤ ያው ጠላት ሆኖ ዘጠኝ ፍላጻ ማለት ከመቶ 15 እጅ ጠፋ ማለት ነው። በዚህ ላይ «ኤምድ ሾት» የሚባለው ከባድ ተኩስ ተነጣጥሮ እስኪለቀቅ 3 ሴኮንድ ይፈጃል፤ በዚያን ጊዜም የተራው ቀስት አይሠራም። ስለዚህ የተራው ፍላጻ ከእጅ እንደ ወጣ ወዲያው መታዘዝ አለበት፤ ዘግይቶ ከታዘዘ የሚቀጥለውን የተራ ፍላጻ ይበላዋል። አዳኞች ዝግ ያለ ግን ከባድ ቀስት የሚወዱበትም ምክንያት ይኸው ነው።

ርቀቱንም በሚመለከት፤ አዳኙ ሊተኵስ የሚችለው ከ8 ያርድ ጀምሮ እስከ 35 ያርድ ድረስ ነው (የተለየ ሥልጠና የመረጠ እስከ 41 ይደርሳል)። በመጥረቢያ ወይም በጦር ሊመታ የሚችለው ደግሞ እስከ 5 ያርድ ነው። በ5 እና በ8 ያርድ መካከል ያለው ስፍራ «የሞተ ቀበሌ» ይባላል፤ እዚያ ውስጥ አዳኙ በቀስትም በመጥረቢያም ምንም ማድረግ አይችልም። ከሰው ጋር የሚዋጋ ብልህ ጠላት ይህን ስለሚያውቅ በዚያች ጠባብ ስፍራ ሊያቆመው ይጥራል። በጉግስም ቢሆን የሚያሳድደው ፈረሰኛ ከሚሸሸው ጋር ጐን ለጐን ከገጠመ ዱላውን ለመወርወሪያ ስፍራ ያጣል።

እስካሁን የተናገርሁት ለማንኛውም ተጫዋች የሚሆን ነው። ከአዲስ አበባ ለሚጫወት ሰው ግን አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። እኔ የምጫወትበት ኮምፒዩተር ትእዛዙን የሚልከው አውሮፓ ወዳለው ማዕከል ነው፤ ከዚህ እስከ ፍራንክፈርት በቀጥታ ቢለካ እንኳ ከ5 ሺሕ ኪሎ ሜትር በላይ ይሆናል። አገራችን የባሕር በር ስለሌላት መልእክቱ ባሕር ውስጥ ወደ ተዘረጋው ገመድ ለመድረስ አስቀድሞ የጎረቤት አገር ማቋረጥ አለበት፤ ስለዚህ መንገዱ ቀጥ ያለ አይደለም። ደርሶ እስኪመለስ በኔ በኩል ከ200 ሚሊ ሴኮንድ አንሶ አያውቅም፤ በመጥፎ ቀን ከዚያ እጥፍ ይሆናል። እኔ በመስኮቱ ላይ የማየው ጠላት እንግዲህ ያለፈው ጊዜ ጠላት ነው። ይህን ለማቃለል ጨዋታው ራሱ አንድ መንገድ አበጅቷል፤ አንዱ ተኩስ ሊያልቅ 400 ሚሊ ሴኮንድ ሲቀረው የሚቀጥለውን ትእዛዝ አስቀድሞ መላክ ይፈቀዳል። ዐይን እስኪያይ የሚጠብቅ ሰው ሁልጊዜ ይዘገያል፤ በልቡ የሚቈጥር ሰው ግን ከአውሮፓው ተጫዋች እምብዛም አያንስም። መብራት ሲጠፋ ግን መቍጠርም አይጠቅምም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ሞልተን ኮር በሚባለው የእሳት ዋሻ 40 ሰዎች አብረው ይገባሉ። በዚያ ማግማዳር የሚባል ግዙፍ ውሻ አለ፤ ይህም በየጥቂት ጊዜው ያብዳል፤ ሲያብድም አመታቱ ስለሚፈጥን ታንኩ ሊቋቋመው አይችልም። እብደቱን ሊያበርድ የሚችል በቡድኑ ውስጥ ከአዳኝ በቀር ማንም የለም። ማብረጃውን «ትራንኩላይዚንግ ሾት» ይሉታል፤ አዳኙ የሚማረውም በዚያው ዋሻ ሉሲፍሮን ከተባለው አለቃ ከሚገኝ መጽሐፍ ነው። ይህን ተኩስ አንድ ጊዜ ከለቀቁ በኋላ 20 ሴኮንድ መጠበቅ ግድ ነው፤ ደግሞም እንደ ማንኛውም ፍላጻ ሊስት ይችላል። ስለዚህ አዳኞቹ ተራ ይገባሉ፤ የአንዱ ፍላጻ ከሳተ ተከታዩ ተራውን ሳይጠብቅ ወዲያው መልቀቅ አለበት።

አንድ ሌሊት ሦስት አዳኞች ነበርን፤ የኔ ተራ ሁለተኛ ነበር። የአውሮፓ ሰዎች ውጊያውን የሚጀምሩት በነሱ አቈጣጠር በምሽቱ 8 ሰዓት ነው፤ በበጋ ወራት ይህ እኛ ዘንድ ከምሽቱ 4 ሰዓት ይሆናል፤ እኔም በማግሥቱ ፈተና እያለብኝ ነበር የተቀመጥሁት። ብዙ ተጫዋቾች እያንዳንዱ ሰው ያደረሰውን ጉዳት በቅደም ተከተል የሚያሳይ ሰንጠረዥ በመስኮታቸው ላይ ያስቀምጣሉ። ስሜ በዚያ ሰንጠረዥ ላይ ሦስተኛ መሆኑን አይቼ፤ ሁለተኛውን ለማለፍ ስል ኀይሌን ሁሉ በከባድ ተኩስ ጨረስሁ። በክላሲክ አዳኙ ለየልዩ ተኩሱ ማና የሚባል ኀይል ይከፍላል፤ ማብረጃውም በነጻ አይገኝም። ውሻው አበደ፤ የመጀመሪያው አዳኝ ለቀቀ፤ ሳተ። እኔ ማብረጃውን ስነካ ማና የለኝም። «የለኝም» ብዬ ለመናገር እንኳ አፍሬ ሁለት ሴኮንድ ያህል ዝም አልሁ፤ ሦስተኛው አዳኝ እኔ የለቀቅሁ መስሎት ጠበቀ። ታንኩ ወደቀ፤ ከዚያም ሂለሮቹ፤ ከዚያም 40ውም። የቡድኑ አለቃ ድምፁን ከፍ ሳያደርግ፤ «ምን ያህል ጉዳት እንዳደረስህ አልጠየቅሁህም፤ ተራህ ሲደርስ የት ነበርህ?» አለኝ። ሰንጠረዡ በዚያች ሰዓት ሁለተኛ ያደርገኝ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ሰንጠረዡን በማግማዳር ፊት እዘጋዋለሁ። ለሁለት ማብረጃ የሚበቃ ማና ምንጊዜም አስቀራለሁ፤ ተኩሴንም ለቅቄ ብቻ ሳይሆን ስቼም ቢሆን በድምፅ አሳውቃለሁ። መናገሩ ከመተኰሱ ይልቅ ይጠቅማል ብል ማጋነን አይሆንም፤ ቃል ከፍላጻ ቀድሞ ወደ ሌላው አዳኝ ይደርሳልና።

ስለ አዳኙ እንስሳም ሳልናገር ማለፍ የለብኝም። አዳኝ ሁሉ ያላመደው አውሬ አለው፤ የኔ ጥቍር ድመት ናት። አውሬዋ በቡድን ውጊያ ጊዜ ጩኸቷን እንድታቆም ካልታዘዘች ከታንኩ ጋር ትሻማለች። ከዚህ የባሰው ግን ከፍ ካለ ስፍራ መዝለል ነው። በብላክሮክ ስፓየር የታችኛው ክፍል እኔ ከድልድይ ላይ ዘለልሁ፤ እሷ ግን መዝለል ስለማታውቅ በደረጃው ዞራ መጣች፤ በመንገዷ ያሉትንም ጠላቶች ሁሉ አስከትላ። አዳኝ ከመዝለሉ በፊት አውሬውን ማሰናበት እንዳለበት ያን ቀን አምስት ሆነን ተማርን።

በመጨረሻም ብቻ ለብቻ ስለሚደረገው ውጊያ። አዳኙ ጠላቱን ሳያስደርስ እየሸሸ የሚወጋበት ዘዴ «ካይቲንግ» ይባላል። «ኮንከሲቭ ሾት» ጠላቱን ለ4 ሴኮንድ ያዘገየዋል፤ አዳኙ ይሮጣል፤ እየሮጠ ይዘልላል፤ በአየር ላይ ሳለ ፊቱን ወደ ኋላ አዙሮ ጊዜ የማይፈጅ ተኩስ ይለቃል፤ መሬት ሳይነካ ደግሞ ፊቱን ወደ መንገዱ ይመልሳል። እንዲህ ሲደረግ ሩጫው አይቋረጥም። እንደ አቦ ሸማኔ የሚያስሮጠውን መንፈስ መልበስም ይቻላል፤ ፍጥነትን ከመቶ 30 እጅ ይጨምራል፤ ነገር ግን በዚያ ጊዜ አንድ ምት ያገኘው አዳኝ ደንዝዞ ይቀራል። ሌሊቱን በመኝታ ክፍል በጆሮ ማዳመጫ ስለማመድ ጓደኛዬ ጣቶቼን አይቶ «ክራር ትመታለህ እንዴ?» ብሎኛል።

ይህ ዘዴ የሚፈተንበት ሮክዴላር የሚባለውን ቀስት ለማግኘት በሚደረገው ጉዞ ነው። በሞልተን ኮር መጨረሻ አካባቢ ከሚገኝ ሣጥን አንድ የደረቀ ቅጠል ይወጣል፤ ቅጠሉን የያዘ አዳኝ በአራት አገሮች የተበተኑ አራት አጋንንትን ብቻውን መግደል አለበት። ሌላ ሰው እጁን ያስገባ እንደሆነ ጋኔኑ ይሰወራል። ለዚህ ውጊያ ታንክም ሂለርም የለም፤ ሦስቱን ገድያለሁ። የቀረኝ በበረዶው አገር በዊንተርስፕሪንግ የሚዞረው ነው፤ አጠገቤ አንድ ጊዜ ከደረሰ ውጊያው ያበቃል። አምስት ጊዜ ሞክሬዋለሁ፤ በአራቱ ቀድሞኛል፤ በአምስተኛው መብራት ጠፋ። ጓደኛዬም ያን ሌሊት ወንበር ስቦ አጠገቤ ተቀምጦ ስለ ነበር፤ በጨለማው ውስጥ «ስንት ቀርቶት ነበር?» ሲል ጠየቀኝ።