ጉበትን ለመፈወስ ጨጓራን መቅደድ

ጉበት በሰውነታችን ውስጥ ካሉት ብልቶች ሁሉ ታጋሹ ነው። አንድ ኪሎ ተኩል ያህል የሚመዝነው ይህ ብልት በቀኝ በኩል ከጎድን አጥንቶች ሥር ተቀምጦ ከምግብ የተገኘውን ኀይል ያከማቻል፤ ደምንም ከመርዝ ያጠራል። ሲታመም ግን ሕመሙን ቶሎ አይገልጽም። የጉበት በሽታ ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው ዐይንን ብጫ የሚያደርገውን የወፍ በሽታ ወይም ከመጠጥ የሚመጣውን ጉዳት ነው። ዛሬ በዓለም እጅግ ከተስፋፉት የጉበት ሕመሞች አንዱ ግን ከሁለቱም የተለየ ነው። ይኸውም መጠጥ በማይጠጣ ሰው ላይ፣ በተለይም ከልክ በላይ በወፈረ ወይም የስኳር በሽታ ባለበት ሰው ጉበት ውስጥ ስብ ሲጠራቀም የሚመጣው ነው።

ስቡ ለጊዜው ላይጎዳ ይችላል። በአንዳንዶች ላይ ግን ጉበቱን ያቆስለዋል፤ ቍስሉ ሲደጋገም ጠባሳ ይተካል፤ ጠባሳውም ሲበዛ ጉበቱ ደድሮ ሥራውን ያቆማል። እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር በ1980 ዓ.ም. በአሜሪካ አገር በማዮ ክሊኒክ የነበሩት ዶክተር ዩርገን ሉድቪግ ከባልደረቦቻቸው ጋር 20 በሽተኞችን መርምረው ለዚህ ሕመም ስም አወጡለት። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቈጣጠር የተጻፉ ናቸው።) የአሜሪካ መንግሥት ለሕመሙ የመጀመሪያውን መድኃኒት የፈቀደው ግን ከ44 ዓመት በኋላ፣ በ2024 ዓ.ም. ነው።

በዚህ መካከል መፍትሔውን በሌላ አቅጣጫ የፈለጉ ሐኪም በሮማ ከተማ ተገኙ። እኒህም በካቶሊክ ዩኒቨርሲቲ የውስጥ ደዌ ፕሮፌሰር የሆኑት ጄልትሩዴ ሚንግሮኔ ናቸው። ከ1960ዎቹ ዓመታት ጀምሮ ቀዶ ሐኪሞች ውፍረትን ለመቀነስ ጨጓራን ይቀዱ ነበር። ብዙዎቹም ከቀዶው በኋላ በሽተኛው ገና ሳይከሳ በጥቂት ቀናት ውስጥ የደሙ ስኳር ሲወርድ አዩ። እንግዲህ ቀዶው የሚያከሳ ብቻ ነውን? ወይስ በሽታን ይፈውሳል?

ሐኪም ይድናል ያለውን በሽተኛ ብቻ መርጦ ቢቀድ ውጤቱ ያሳስታል። ስለዚህ ፕሮፌሰሯ በሽተኞቹን በዕጣ መደቡ። በ2012 ዓ.ም. በ60 የስኳር በሽተኞች ላይ የተደረገው ምርምራቸው ታተመ። ከሁለት ዓመት በኋላ በመድኃኒት ብቻ ከታከሙት መካከል ከስኳር በሽታ ነጻ የሆነ አንድም አልተገኘም፤ እንደ ቀዶው ዓይነት ግን ከተቀደዱት ከመቶው 75ቱ ወይም 95ቱ ነጻ ሆኑ።

ቀጥሎ ተራው የጉበት ሆነ። በ2023 ዓ.ም. በታተመው ጥናት በሮማ በሦስት ሆስፒታሎች 288 ወፍራም የጉበት በሽተኞች በሦስት ክፍል ተመደቡ። የመጀመሪያዎቹ አመጋገባቸውንና ኑሯቸውን አስተካክለው በመድኃኒት ታከሙ። የሁለተኞቹ ጨጓራ አብዛኛው ተቈርጦ እንደ እጅጌ ጠበበ። የሦስተኞቹ ጨጓራ ላይኛው ክፍል በትንሹ ተለይቶ ከትንሹ አንጀት ጋር ተገናኘ፤ ምግቡም የአንጀቱን መጀመሪያ ሳይነካ ያልፍ ጀመር። እንዲህ ያለው ቀዶ ከአንጀት የሚመነጩትን ሆርሞኖች ይለውጣል፤ ኢንሱሊንም በተሻለ መንገድ ይሠራል፤ በጉበት ያለው ስብም ይቀንሳል።

ከአንድ ዓመት በኋላ በመርፌ የተወሰደው የጉበት ሥጋ እንደገና ተመረመረ። ጠባሳው ሳይባባስ ቍስሉ የጠፋላቸው ከመጀመሪያው ክፍል ከመቶው 16ቱ ሲሆኑ፣ ከሁለተኛው 57ቱ፣ ከሦስተኛው 56ቱ ነበሩ። የሞተ ሰው አልነበረም፤ ነገር ግን ከተቀደዱት መካከል 10 ሰዎች ብርቱ ችግር ደርሶባቸው ያለ ሁለተኛ ቀዶ ታክመው ድነዋል።

ይህ ማለት ጉበቱ ስብ የያዘ ሰው ሁሉ ይቀደድ ማለት አይደለም። ቀዶው ለማይከሳ ብርቱ ውፍረትና ለከባድ ሕመም የሚሆን ነው። የተቀደደውም ሰው ዕድሜ ልኩን ቪታሚን መውሰድና በሐኪም መጠበቅ ይገባዋል። ስኳሩም በአንዳንዱ ላይ ከዓመታት በኋላ ይመለሳል።

ለብዙዎቻችን ግን ከቀዶው በፊት የሚቀድም መድኃኒት አለ። ወፍራም ሰው ከክብደቱ ከመቶ ከ7 እስከ 10 እጅ ያህሉን ቢቀንስ በጉበቱ ያለው ስብና ቍስል ይሻሻላል። ለዚህም የሚጣፍጡ መጠጦችን መተው፣ በመጠን መብላትና በየቀኑ በእግር መሄድ ይረዳል። ወፍራም የሆነ ወይም ስኳር ያለበት ሰው ሕመም ባይሰማውም ጉበቱን ያስመርምር። አባቶቻችን ሳይቃጠል በቅጠል ይላሉ፤ ሕመሙን ለማይገልጸው ለጉበት ከዚህ የተሻለ ምክር አይገኝም።