ከጐደለው ገንዘብ የከፋው ጉድለት

«ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለውን ተረት ያልሰማ አንባቢ ያለ አይመስለንም። ተረቱ በሳቅና በጨዋታ ይነገራል፤ የሰሚውንም ልብ ቀስ በቀስ ያለማምዳል። ነገር ግን በልቶ የቆጨው ሰው ምን እንደሚደርስበት ተረቱ አይነግረንም። ይህን የሚነግረን ሕጉ ነው። ስለዚህ በሥራ ቦታ የሚጠፋ ገንዘብና በሰው ሕይወት ላይ የሚቃጣ እጅ እንዴት እንደሚገናኙ፥ ሁለቱ በተገናኙ ጊዜም ዳኛው በምን ሚዛን እንደሚመዝናቸው ዛሬ ከአንባቢዎቻችን ጋር ልንመለከት አስበናል።

ነገሩን ከእንጦጦ ብንጀምረው ይቀናናል። ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር የበለጠ ከፍታ ያለው ይህ ተራራ፥ አዲስ አበባ ከመቆርቆሯ በፊት የምኒልክ መናገሻ ነበር። ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥት ተብለው ዘውድ የጫኑትም በእንጦጦ ማርያም ነው። በዚያ ዘመን ፍርድ የሚሰጠው በፍትሐ ነገሥትና በአገር ልማድ ነበር። ከንጉሠ ነገሥቱ ዳኞች መካከል የአፈ ንጉሥ ነሲቡ መስቀሎ ስም እስከ ዛሬ ይነሣል፤ በ1900 ዓ.ም. ሚኒስትሮች ሲሾሙም የፍርድ ሚኒስትርነቱ ለእርሳቸው ተሰጠ።

ያን ጊዜ ከሳሽና ተከሳሽ ኩታ ለኩታ ተቋጥረው ወደ ዳኛ ይሄዱ ነበር። አበዳሪና ባለ ዕዳም በአንድ ሰንሰለት ተቆራኝተው ዕዳው እስኪከፈል ድረስ አብረው የሚውሉበት ጊዜ ነበር። ነፍስ የገደለ ሰው ደግሞ በፍርድ ለሟች ዘመዶች ይሰጣል፤ እነርሱም ወይ ደሙን በደም ይመልሳሉ፥ ወይ የደም ዋጋ ተቀብለው ይታረቃሉ። እንግዲህ የዚያ ዘመን ሚዛን ከሁሉ አስቀድሞ የሚያየው የደረሰውን ጉዳት ነበር ማለት ነው። ገንዘብ ከጐደለ ይተካል፤ ደም ከፈሰሰ ይከፈላል። ሊገድል ተነሥቶ ያልተሳካለት ሰውስ? ሬሳ ከሌለ የደም ዋጋ የሚጠይቅ ዘመድ የለም።

ከዚያ ወዲህ አገራችን ሦስት ታላላቅ የወንጀል ሕጎች አይታለች። የመጀመሪያው በ1923 ዓ.ም. የወጣው ነው። ሁለተኛው የስዊስ ተወላጅ የሆኑት ፕሮፌሰር ዣን ግራቨን ያረቀቁትና ከሚያዝያ 27 ቀን 1950 ዓ.ም. ጀምሮ የጸናው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ነው። ሦስተኛው ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ወዲህ የሚሠራበት የወንጀል ሕግ ነው። በዚህ ሕግ ሚዛኑ ላይ ከጉዳቱ ጋር አሳቡም ተጨምሯል።

ዛሬ ከእንጦጦ ግርጌ የካ ክፍለ ከተማ ተዘርግቶ ይታያል። ከፈረንሳይ ለጋሲዮን እስከ ሾላና እስከ መገናኛ፥ ከዚያም ወደ ኮተቤ በሚወስደው መንገድ ግራና ቀኝ፥ መሥሪያ ቤቱም፥ ንግድ ቤቱም፥ ማኅበሩም፥ ዕድሩም አንድ ገንዘብ ያዥና አንድ የሒሳብ መዝገብ አለው። በዚህ ሰፈር እንዲህ ያለ ነገር ቢደርስ ብለን ለምሳሌ ያህል እናስብ። አንድ ገንዘብ ያዥ «ለወር ብቻ» ብሎ ከካዝናው ጥቂት ብር ያነሣል። ወሩ ዓመት ይሆናል። የጐደለውን ለመሸፈን ደረሰኝ ይሠርዛል፥ ቁጥር ያስተካክላል። በመጨረሻም ሒሳብ መርማሪ ይመጣና ጉድለቱን ይደርስበታል። ገንዘብ ያዡ ነገሩ እንዳይገለጥ ብሎ፥ መርማሪው ወደ ቤቱ ሲመለስ በባሕር ዛፉ መካከል አድፍጦ በስለት ይወጋዋል። መርማሪው ግን መንገደኞች ደርሰውለት በሕይወት ይተርፋል።

«ሰውየው ስላልሞተ ነገሩ ቀላል ነው» የሚል አይጠፋም። ሕጉ ግን እንዲህ አይልም። በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 27 መሠረት፥ ወንጀሉን አስቦ የጀመረ ሰው፥ ፍጻሜ ባይደርስለትም፥ የሚቀጣው ሊፈጽመው ለተነሣበት ወንጀል በተደነገገው ቅጣት ነው፤ ሁኔታው ሲፈቅድ ዳኛው ሊያቀልለት ይችላል። ተራ የሰው ግድያ በአንቀጽ 540 ከ5 ዓመት እስከ 20 ዓመት ጽኑ እሥራት ያስቀጣል። የኛ ምሳሌ ግን ከዚህም ይብሳል። አንቀጽ 539 ሌላ ወንጀልን ለመሸፈን ሲባል የተፈጸመ ግድያን ከከባድ ግድያ ይቈጥረዋል፤ ቅጣቱም ዕድሜ ልክ ጽኑ እሥራት ወይም ሞት ነው። እንግዲህ ያ ገንዘብ ያዥ ጉድለቱን ይሸፍንልኛል ያለው ስለት፥ ጉዳዩን ከሁሉ ወደ ከፋው አንቀጽ የሚያወጣ መሰላል ሆነበት። የሞት ፍርድ በአንቀጽ 117 ለተፈጸመ ወንጀል ብቻ የተወሰነ ስለ ሆነ፥ በሙከራ ሞት አይፈረድበትም፤ የዕድሜ ልክ እሥራት ግን ከፊቱ ይቆማል።

የገንዘቡም ነገር ከዚህ ጋር አይረሳም። የመንግሥት ገንዘብ የያዘ ሠራተኛ በሙስና ወንጀሎች አዋጅ ቁጥር 881/2007 ይጠየቃል። ይህ አዋጅ ከአባላት ወይም ከሕዝብ ገንዘብ የሚሰበስቡ ሕዝባዊ ድርጅቶችንም ያጠቃልላል፤ ዕድርንና የሃይማኖት ድርጅቶችን ግን ከዚህ ስያሜ አውጥቷቸዋል። ይህ ማለት የዕድር ገንዘብ ያዥ እንዳሻው ይሁን ማለት አይደለም፤ የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 675 እምነት ማጉደልን ይቀጣልና። ሹመትም መሸሸጊያ አይሆንም፤ ጠቅላይ ሚኒስትር የነበሩት አቶ ታምራት ላይኔ በ1992 ዓ.ም. በሙስና ወንጀል 18 ዓመት ተፈርዶባቸዋል።

ሁለት ወንጀል የሠራ ሰው ቅጣቱ ተደምሮ ይወሰንበታል፤ በዓመት የሚቈጠር ጽኑ እሥራት ግን ከ25 ዓመት አያልፍም። አንዱ ዳኛ አሥር፥ ሌላው ሁለት ዓመት እየፈረደ ሕዝቡ ግራ እንዳይጋባም፥ የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2002 ዓ.ም. የቅጣት አወሳሰን መመሪያ አውጥቶ በ2006 ዓ.ም. አሻሽሎታል። በዚህም ዳኛው የወንጀሉን ክብደት በእርከን ለክቶ፥ የሚያከብደውንና የሚያቀለውን ምክንያት ከመዘነ በኋላ ይወስናል። የተሰጠን እምነትና ሥልጣን ያለ አግባብ መገልገል ከሚያከብዱት ወገን ነው።

ከሚያቀሉት ወገን ያለውን ደግሞ አንባቢያችን በተለይ ልብ እንዲለው እንፈልጋለን፤ የዛሬ ጽሑፋችን ፍሬ ነገር እዚህ ላይ ነውና። ሕጉ በመንገዱ ሁሉ የመመለሻ በር አኑሯል። ለወንጀል መዘጋጀት ብቻውን፥ ዝግጅቱ ራሱ ወንጀል ካልሆነ ወይም ሕግ ለይቶ ካልደነገገው በቀር፥ አያስቀጣም። ወንጀሉን ከጀመረ በኋላ በገዛ ፈቃዱ ለተወ ሰውም አንቀጽ 28 የምሕረት መንገድ ያሳየዋል። ጥፋቱን ላመነ፥ እጁን ለሰጠ፥ ለተጐዳው ለረዳ፥ የቻለውን ያህል ለካሠ አንቀጽ 82 ቅጣቱን ያቀልለታል። ከተፈረደበት በኋላ እንኳ፥ የቅጣቱን ሁለት ሦስተኛ የፈጸመና ጠባዩን ያሳመረ እሥረኛ በአመክሮ ሊፈታ ሲችል፥ ያደረሰውን ጉዳት በተቻለው መጠን መካሡ ከሚታዩለት ነገሮች አንዱ ነው። የጐደለ ብር ሊተካ ይችላል፤ የወደቀ ሰው ግን ቢሞት ኖሮ በምን ይተካ ነበር?

ስለዚህ ገንዘብ የያዘ ወንድማችንም እኅታችንም ይህን ይስማን። ካዝናው የጐደለ ቀን ወደ አለቃ ሄዶ «ጐድሎብኛል» ማለት ያሳፍራል፤ ሥራንም ሊያሳጣ፥ ሊያስከስስም ይችላል። ያ ኀፍረት ግን ከዚያ በኋላ ከሚመጣው ሁሉ የቀለለ ነው። ቀን በጨመረ ቁጥር በሩ ይጠብባል፤ ውሸቱ ሌላ ውሸት፥ የተሠረዘው ደረሰኝም ሌላ ደረሰኝ ይፈልጋል። ሰው ወንጀለኛ ሆኖ ባይወለድም፥ ፍርሃት ያለ መካሪ ከሰነበተበት ወዴት እንደሚወስደው አይታወቅም።

አለቆችም ከደሙ ንጹሕ ነን ብለው እጃቸውን እንዳይታጠቡ እናሳስባለን። ገንዘቡን የሚቀበለው፥ በመዝገብ የሚጽፈውና ክፍያውን የሚፈቅደው አንድ ሰው በሆነበት ቤት ጉድለት ቢገኝ ምን ይገርማል? ሥራውን ለሦስት ሰው መክፈል፥ ካዝናውን በየወሩ ሳያስታውቁ መቍጠር፥ ደረሰኙን በተራ ቁጥሩ ማመሳከር ብዙ ወጪ የሚጠይቅ ነገር አይደለም። ይህን ማድረግ ሠራተኛውን መጠርጠር አይምሰላቸው፤ ሠራተኛውን ከፈተና፥ ሒሳብ መርማሪውንም ከስለት መጠበቅ ነው። መርማሪው የመጣው መዝገብ ሊያይ ነው፤ ማታ በሰላም ቤቱ መግባት ይገባዋል።