ከሻማ እስከ ሕግ፦ የኒውክሌር ጣቢያ እሳት የሚያስፈራው ለምንድን ነው?

ኒውክሌር ጣቢያ ላይ እሳት ተነሣ ሲባል አብዛኛው ሰው ቸርኖቤልን ነው የሚያስበው። ሪአክተር ውስጥ የሚገባው የዩራኒየም ነዳጅ ግን እንደ ሸክላ የተጠበሰ ጠጣር ነገር ነው፤ እሳት ቢለቁበት አይነድም። የባለሙያዎቹን እንቅልፍ የሚነሣው ተራው እሳት ነው፦ የተርባይን ዘይት፣ ጄኔሬተሩን የሚያቀዘቅዘው ሃይድሮጅን፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የኬብል ሽፋን።

ኬብል ለምን? ሪአክተር ጠፋ ማለት ቀዘቀዘ ማለት ስላልሆነ ነው። የኒውክሌሩ ሂደት በሰከንዶች ውስጥ ቢቆምም ነዳጁ መሞቁን አያቆምም። ትልቅ ሪአክተር በጠፋበት ቅጽበት ከ200 ሜጋዋት በላይ ሙቀት ሊያመነጭ ይችላል። ለማነጻጸር፣ ግልገል ጊቤ አንድ በሙሉ አቅሙ የሚሰጠው ኤሌክትሪክ 184 ሜጋዋት ነው። ይህ ሙቀት በየሰዓቱ እየቀነሰ ቢሄድም ለቀናት ውሃ ይፈልጋል። ውሃው ፓምፕ ይፈልጋል፤ ፓምፑ ደግሞ ኬብል። ኬብሉን ካጣችሁ ፓምፑ ደህና ሆኖ ቆሞ እንኳ ምንም አታደርጉትም።

ዓለም ይህን የተማረው አሜሪካ፣ አላባማ ውስጥ ካለው ብራውንስ ፌሪ ጣቢያ ነው። ቀኑ ማርች 22 ቀን 1975፣ ቅዳሜ (ከዚህ በኋላም የምጠቅሳቸው ዓመቶች እ.ኤ.አ. ናቸው)። ሁለቱ ሪአክተሮች በሙሉ ኃይል እየሠሩ ነው፤ ሦስተኛው ገና በግንባታ ላይ ነው። የሪአክተሩ ሕንፃ አየር ወደ ውጭ እንዳያመልጥ የውስጡ ግፊት ሁልጊዜ ከውጭው ዝቅ ተደርጎ ይያዛል። ስለዚህ ኬብል የሚያልፍባቸው የግድግዳ ቀዳዳዎች በደንብ መደፈን አለባቸው። ሁለት ሠራተኞች ከመቆጣጠሪያው ክፍል በታች ባለው የኬብል ክፍል ውስጥ የሚያፈሱትን ቀዳዳዎች እየፈለጉ ነበር። የሚፈልጉት በምን መሰላችሁ? በሻማ! ነበልባሉ ወደ ቀዳዳው ካዘመመ አየር ያሳልፋል ማለት ነው። በጣቢያው የተለመደ አሠራር ነበር።

አንዱ ቀዳዳ ራቅ ስላለ እጁ ረዘም ያለው ሠራተኛ ስፖንጅ ጠቀጠቀበትና ሻማውን እንደገና አስጠጋ። አየሩ ነበልባሉን ጠልፎ ወደ ውስጥ ሳበው። ስፖንጁ ደግሞ እሳት የሚወድ ፖሊዩሬታን ነበር። መጀመሪያ በእጅ ባትሪ እየመቱ ሊያጠፉት ሞከሩ፤ ከዚያ በጨርቅ፤ ከዚያ በካርቦን ዳይኦክሳይድ ማጥፊያ። እሳቱ ግን ግድግዳውን አልፎ ሪአክተሩ ሕንፃ ውስጥ ገብቶ ነበር። ልብ በሉ፣ ከሁለት ቀን በፊት በዚያው ሥራ ላይ ተመሳሳይ ትንሽ እሳት ተነሥቶ ጠፍቷል። ሻማው ግን ሥራውን ቀጠለ።

ፎቅ ላይ ያሉት ኦፕሬተሮች ያዩት ነገር ለእኔ ከእሳቱ ይብሳል። የፓነሉ መብራቶች አንዴ ይደምቃሉ፣ አንዴ ይፈዛሉ። ማንም ሳያዛቸው ፓምፖች ይነሣሉ፤ ሲያጠፏቸው ተመልሰው ይነሣሉ። የተቃጠሉት ኬብሎች እርስ በርስ እየተነካኩ የሐሰት ትእዛዝ ይልኩ ነበር። በመጨረሻ ከ1,600 በላይ ኬብሎች ተጎዱ፤ ከ600 በላይ የሚሆኑት ከደህንነት ሥርዓቶች ጋር የተያያዙ ነበሩ። አንደኛው ሪአክተር ለአደጋ ጊዜ የተዘጋጁለትን የማቀዝቀዣ ሥርዓቶች በሙሉ አጣ። ከነዳጁ አናት በላይ 5 ሜትር ያህል የነበረው ውሃ ወደ 1.2 ሜትር ገደማ ወረደ። ያተረፋቸው ለዚህ ሥራ ያልታሰበ ትንሽ ፓምፕና ግፊቱን ዝቅ አድርገው ያስገቡት ሌላ ውሃ ነው። የሞተ ሰው የለም፤ ነዳጁም አልተጎዳም።

እሳቱ ሰባት ሰዓት ያህል ነደደ። የአቴንስ ከተማ የእሳት አደጋ ኃላፊ (የአላባማዋ አቴንስ ናት፣ የግሪኳ አይደለችም) በውሃ ይጥፋ ብሎ ወተወተ። የጣቢያው ሰዎች ኤሌክትሪኩን ፈርተው እምቢ አሉ። ማምሻውን ሲፈቅዱ ውሃው እሳቱን ወዲያው ጨረሰው።

ከዚያ በፊት የነበረው ደንብ እሳትን ቀንሱ፣ በተቻለ መጠን የማይነድ ዕቃ ተጠቀሙ ከማለት ብዙም አያልፍም ነበር። የአሜሪካ የኒውክሌር ቁጥጥር ኮሚሽንም ሥራ ከጀመረ ገና ሁለት ወሩ ነበር። በ1980 የወጣው አፔንዲክስ አር የሚባለው ሕግ ነው ነገሩን ወደ ሜትርና ሰዓት ያወረደው። ሪአክተሩን በሰላም ለማጥፋት የሚያገለግሉት ሁለቱ ተተኪ መስመሮች በአንድ ቦታ የሚያልፉ ከሆነ ከሦስት አንዱ ይሟላ ይላል፦ ሦስት ሰዓት እሳት የሚቋቋም ግድግዳ በመካከላቸው፤ ወይም መሀሉ ላይ የሚነድ ነገር የሌለበት 20 ጫማ ርቀት፣ ማለትም 6 ሜትር ያህል፣ ከእሳት ጠቋሚና በራሱ ከሚሠራ ማጥፊያ ጋር፤ ወይም አንድ ሰዓት የሚቋቋም ሽፋን፣ እሱም ከጠቋሚና ከማጥፊያ ጋር። ሁለት ፓምፕ አለን ማለት ብቻውን አያሳምንም፤ የሁለቱም ኬብል በአንድ ቀዳዳ ካለፈ ያላችሁ አንድ ነው።

ሕጉ ሲወጣ ግን አብዛኞቹ ጣቢያዎች ተገንብተው አልቀዋል። የፈሰሰ ኮንክሪት 6 ሜትር ፈቀቅ አይልም። ስለዚህ በመቶዎች የሚቆጠሩ የልዩ ፈቃድ ጥያቄዎች ጎረፉ። ሌሎቹ ኬብሉን ቴርሞላግ በሚባል እሳት ተከላካይ ሸፈኑት፤ በ1990ዎቹ መጀመሪያ እንደገና ሲፈተሽ የተባለለትን ሰዓት መቋቋም አቃተው። እስኪስተካከል መፍትሔው ምን ነበር? እየዞረ እሳት የሚጠብቅ ሰው። በየሰዓቱ ክፍሉ ውስጥ ገብቶ፣ ዙሪያውን አይቶ፣ ቅጹ ላይ ፈርሞ ይወጣል። ለጊዜው ተብሎ የተጀመረው ጥበቃ በአንዳንድ ጣቢያዎች ዓመታት ቆየ።

ትምህርቱ ባሕር ተሻግሮ ለመድረስም ጊዜ ፈጅቷል። በማርች 1993 ሕንድ ውስጥ ናሮራ ጣቢያ የተርባይን ምላጭ ተሰብሮ ሃይድሮጅን አመለጠና እሳት ተነሣ። ኬብሎቹ ሲቃጠሉ ጣቢያው ለ17 ሰዓት ያህል ያለ ኤሌክትሪክ ኃይል ቀረ፤ ጭሱ ኦፕሬተሮቹን ከመቆጣጠሪያው ክፍል አስወጣቸው። የእጅ ባትሪ ይዘው ላይ ድረስ ወጥተው ሪአክተሩ ዳግም እንዳይነሣ ቦሮን የሚለቅቀውን ቫልቭ በእጃቸው ከፈቱ። ለማቀዝቀዣ የሆናቸው በናፍጣ የሚሠራው የእሳት ማጥፊያ ፓምፕ ነው።

ከ2004 ጀምሮ የአሜሪካ ጣቢያዎች ሌላ አማራጭ አላቸው፦ ርቀቱን በሜትር ከመለካት ይልቅ የአደጋውን ዕድል በየክፍሉ አስልቶ ማሳየት። ግማሽ የሚጠጉት ሪአክተሮች ይህን መርጠዋል። ስሌቱን አልንቅም፤ ማንም ያላሰበውን አደጋ ያጋለጠበት ጊዜ አለ። ግን በ1975 ያ ስሌት ቢሠራ ኖሮ ሻማውን ማን ያስገባው ነበር? ለአሮጌ ጣቢያ ሌላ መንገድ ስለሌለ እቀበለዋለሁ። ለአዲስ ጣቢያ ግን አይዋጥልኝም፤ ግድግዳው ገና ወረቀት ላይ ነው። ፊንላንድ ውስጥ ኦልኪሉኦቶ ላይ የተሠራው ሦስተኛው ሪአክተር አራቱን የደህንነት መስመሮች በአራት የተለያዩ ሕንፃዎች አስቀምጧል።

የእኛም መንግሥት በመስከረም 2018 ዓ.ም. (ይኼኛው በእኛ አቆጣጠር ነው) ከሩሲያው ሮሳቶም ጋር የኒውክሌር ጣቢያ ለመገንባት የድርጊት መርሃ ግብር ተፈራርሟል። ገና ብዙ ይቀረዋል። ዲዛይኑ ሲመጣ ብዙ ሰው ስለ ኮንክሪቱ ውፍረት ይጠይቅ ይሆናል፤ እኔ የምጠይቀው የኬብሎቹን መስመር የሚያሳየውን ሥዕል ነው።