መሣሪያው ለማን ተነደፈ?

ንድፍ ሲባል ብዙዎቻችን ወዲያው የሚታየን የአዲስ አበባ ፎቅ ወይም በማስመሪያ የተሠመረ ነጭ ወረቀት ነው። ነገር ግን ቀንበርም ንድፍ ነው፤ ምድጃም፣ የመንዝ ባናም፣ ገበሬው ጠርቦ የሚያበጀው ሞፈርም እንደዚያው። አንድ ሰው አስቦበት «እንዲህ ይሁን» ያለው ዕቃ የሌላውን ሰው ወገብ ያቀናል፤ አለዚያም ያጐብጣል። ታዲያ መሣሪያ የሚነድፍ ሰው ለሚገለገልበት ሰው ኃላፊነቱ እስከ ምን ድረስ ነው? ምሳሌ ፍለጋ ሩቅ አንሄድም፤ እዚሁ ሰሜን ሸዋ ውስጥ አለልን።

በኢትዮጵያ አቆጣጠር በ1970ዎቹ አጋማሽ፣ በአፍሪካ የከብት እርባታን የሚያጠናውና በአጭሩ «ኢልካ» ይባል የነበረው ዓለም አቀፍ ማዕከል ደብረ ብርሃን ላይ የምርምር ጣቢያ ነበረው። (ማዕከሉ በ1987 ዓ.ም. ከሌላ ተቋም ጋር ተዋሕዶ ዛሬ በሌላ ስም ይጠራል።) ተመራማሪዎቹ አንድ ችግር አዩ፤ የደጋው ገበሬ ብዙው ጥማድ በሬ የለውም፤ ያለው አንድ ነው። ስለዚህ በአንድ በሬ የሚታረስበትን መሣሪያ ነደፉ። ሞፈሩን አሳጠሩት፤ ከሥሩ መሬት ላይ የሚንሸራተት አካል ገጠሙለት፤ ለአንድ አንገት የሚሆን ቀንበር አበጁና በሬው በግራና በቀኝ በገመድ እንዲስብ አደረጉ። በሙከራ ማሳው ላይ ደኅና ሠራ። አንዱ በሬ ጥማዱ ከሚያርሰው ከግማሽ በላይ አረሰ። ወረቀት ላይ ሲያዩት እንከን የለውም።

ገበሬው ግን አልያዘውም። ለምን ቢባል፣ የመንዝ ልጅ የሆነ ሁሉ መልሱን ያውቃል፤ መቀናጆ አለና! አንድ በሬ ያለው ከአንድ በሬ ባለቤት ጋር ይቀናጃል፤ ዛሬ ያንተን ነገ የእኔን ይባባልና ያርሳል። በዚያ ላይ በጋውን ሙሉ ጭድ ሲቆረጥም የከረመ በሬ፣ ከባድ አፈር ላይ ለብቻው ሲጐትት እንደሚደክም ባለቤቱ ከማንም ይበልጥ ያያል።

ቪክተር ፓፓኔክ የተባለው በኦስትሪያ ተወልዶ በአሜሪካ የኖረ ንድፍ አውጪ እ.ኤ.አ. በ1971 ባሳተመው መጽሐፍ የሙያ ጓዶቹን ክፉኛ ወቅሷል። የነገሩ ጭብጥ፣ ለባለጸጋው ጌጣ ጌጥ ስትነድፉ የድኻውን ፍላጎት ረሳችሁ ነው። የደብረ ብርሃኖቹ ተመራማሪዎች በዚህ አይወቀሱም፤ ድኻውን አልረሱም። የረሱት የድኻውን ጐረቤት ነው።

ሁለተኛው ታሪክ ትንሽ ደስ ይላል። የመርሐቤቴ ጐረቤት በሆነው በሞረትና ጅሩ፣ ኢነዋሪ አካባቢ፣ መሬቱ ዋልካ ነው። በአገራችን እንዲህ ያለው ጥቁር አፈር 12.6 ሚሊዮን ሄክታር ያህል ይሸፍናል። ክረምት ሲገባ ውኃ ያቁራል፤ ሥሩ ይታፈናል፤ ብዙ ቦታ ገበሬው ዝናቡ እስኪያልፍ ጠብቆ በቀሪው እርጥበት ይዘራል። የኢነዋሪ ሰው ግን መላ ነበረው። በማረሻ መሥመር ካወጣ በኋላ ቤተሰቡ ሁሉ፣ ሴቱም ልጁም ጐንበስ ብሎ አፈሩን ከቦዩ በእጁ እያፈሰ ወደ መደቡ ይከምራል። ውኃው በቦዩ ይወርዳል፤ ሰብሉ ከመደቡ ላይ ሆኖ ይተነፍሳል። ዘዴው ግሩም ነው፤ ዋጋው ግን ወገብ ነው። በዚያ ሰሞን ከትምህርት ቤት የሚቀረውም ልጅ የት እንዳለ እንግዲህ አይጠፋንም።

ተመራማሪዎቹ ይህን ካዩ በኋላ ሌላ ማረሻ ከውጭ አላስመጡም። ሁለት የአገር ማረሻ ጐን ለጐን አጣምረው፣ አፈሩን ወደ መሐል የሚሰበስብ ክንፍ ጨመሩበት። በጥማድ በሬ እየተሳበ 80 ሳንቲ ሜትር ያህል ስፋት ያለው መደብና በየጐኑ ቦይ ያወጣል። የመጀመሪያዎቹ ለሰውም ለበሬም ይከብዱ ነበር፤ ገበሬዎች ይህንኑ ተናገሩ፤ ንድፉም ቀለል ተደረገ። እንከኑ ሁሉ አልቋል አንልም፤ ጥማድ ለሌለው አሁንም ጣጣ ነው። ግን ልብ በሉ፤ ገበሬው እርፉን፣ ወገሉንና ድግሩን ያውቃቸዋል፤ ሲሰበርበትም ራሱ ይጠግናል። ሐሳቡም ቢሆን ከራሱ ማሳ የተነሣ ነው።

ስለ ምድጃም አንድ ነገር ብለን እንለፍ። ከሲሚንቶና ከአሸዋ የሚሠራው «ምርጥ» የእንጀራ ምድጃ ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር ማገዶውን እስከ ግማሽ ይቈጥባል። ዛፍ በሳሳበት፣ ለማሳው ፍግ የሚሆነው ኩበት በሚነድበት መንዝ ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ የእናቶቻችንም ዓይን ከጭስ ያርፋል። ነገር ግን መሐል ሜዳ ከ3,000 ሜትር በላይ ናት። ማታ ውርጭ ሲወርድ እሳቱ ማብሰያ ብቻ ሳይሆን መሞቂያም መብራትም ነው። እሳቱን አጥሮ የሚዘጋ ንድፍ አውጪ ቤተሰቡ በምን ይሞቃል ብሎ መጠየቅ አለበት። ምድጃውን መንቀፋችን አይደለም፤ ይህ ጥያቄ ይቅደም ማለታችን ነው።

ይኸ ሁሉ የእርሻና የኃይል ባለሙያ ጉዳይ ነው፣ እኛን ምን አገባን የሚል ጓደኛ አይጠፋም። እኛም እኮ ንድፍ አውጪዎች ነን! የትምህርት መርጃ መሣሪያ የምንሠራው ማን ሆነና? ለማስተማር ልምምድ በወጣንበት አንድ የገጠር ትምህርት ቤት፣ ሁለት ሌሊት ደክመን በካርቶን የሠራነውን ባለቀለም ሰዓት ይዘን ገባን። አሠልጣኛችን አይተው አመስግነውን ነበር። ክፍሉ የድንጋይ ነው፤ ብርሃን የሚገባው በበሩ ብቻ ነው። ኋላ የተቀመጠች አንዲት ልጅ ሰዓቱ ስንት ነው ስትባል ዝም አለች። አልገባትም ብለን ደግመን አስረዳን። በመጨረሻ ጐኗ ያለው ልጅ፣ «ቲቸር፣ ከዚህ እኮ አይታይም» አለን። ቀዩ ቆጣሪ በቡናማው ካርቶን ላይ ጠፍቶ ነበር። በማግሥቱ በትልቅ ነጭ ወረቀት፣ ቆጣሪዎቹን በከሰል አጥቁረን ሠራነው። ከመስቀላችን በፊት ግን አንዳችን ሄደን ከልጅቱ ቦታ ተቀመጥን።

የሚቀጥለውን እትም ለዚሁ ጉዳይ ማዋል እንፈልጋለን። ከግሼ ራቤልም ሆነ ከመርሐቤቴ ቆላ የመጣችሁ፣ በአገራችሁ መጥቶ ጥግ ላይ የተጣለ፣ ወይም የተወደደ መሣሪያ ካለ ጻፉልን። ማን እንደሠራው ብቻ ሳይሆን ማን እንደሚሸከመውም ጨምሩበት። ጽሑፉን ለዝግጅት ክፍሉ አባላት በእጅ መስጠት ይቻላል።