ጆሮ ደግፍ የተባለ ሁሉ ጆሮ ደግፍ አይደለም

አማርኛችን የበሰለውን ሰው «ምራቁን የዋጠ» ይለዋል፤ ምራቁ ከየት እንደሚመነጭ ግን ዕጢው ካላበጠብን በቀር አናስብም። እኛ የአርት ፋኩልቲ ተማሪዎች በሐኪም ሙያ ምን አገባችሁ እንባል ይሆናል። ነገሩ ከስም ይጀምራልና ይግባን። ከጆሮ ሥር ያበጠውን ሁሉ ጆሮ ደግፍ፣ ከመንጋጋ ሥር ያበጠውን ሁሉ የጥርስ ሕመም እንለዋለን፤ በዚህም የተነሣ ደኅና ጥርስ ይነቀላል።

ትልልቆቹ የምራቅ ዕጢዎች ሦስት ጥንድ ናቸው፤ እነርሱም ከጆሮ ፊት፣ ከመንጋጋ ሥርና ከምላስ ሥር ይገኛሉ። የመንጋጋ ሥሩ ዕጢ ምራቁ ወፍራም፣ ቧንቧውም ረዥምና ወደ ላይ የሚወጣ ስለሆነ ከአሥር የምራቅ ጠጠር ስምንቱ ያህል የሚገኘው በእርሱ ነው። በባሮ ዳር ያለችው ጋምቤላ ከባሕር ወለል 500 ሜትር ያህል ብቻ ከፍ ያለች ናት፤ በበጋው መጨረሻ ሙቀቱ ወደ 40 ዲግሪ ይጠጋል። ውኃ ያነሰው ሰው ምራቁ ይጎድላል፤ የደረቀ አፍም ለጠጠርና ለጥርስ መበስበስ ይመቻል።

መለየቱ ብዙ መሣሪያ አይሻም። የጠጠር እብጠት ምግብ ሲቀርብ ይነሣል፣ ከማዕድ በኋላ ቀስ በቀስ ይሟሽሻል፤ የጥርስ እብጠት ግን ሰዓት አይመርጥም። ሐኪሙ አንድ ጣት ከምላስ ሥር፣ ሌላውን እጅ ከመንጋጋ ሥር አድርጎ ይዳስሳል፤ ዕጢውን ሲጫነው የሚወጣው ጥሩ ምራቅ ወይም መግል መሆኑን ያያል። ትንሹ ጠጠር ውኃ በብዛት በመጠጣት፣ ሎሚ በመምጠጥና ዕጢውን ወደ ፊት በማሸት ሊወጣ ይችላል። መግል ካለ አንቲባዮቲክ ይታዘዛል፤ እንቢ ያለውን ጠጠር ሐኪሙ ቧንቧውን ከፍቶ ያወጣዋል።

እውነተኛው ጆሮ ደግፍ ከቫይረስ የሚመጣ፣ ትኩሳት ያለውና በቀናት የሚያልፍ ነው። በሁለቱም ጆሮ ሥር ሳያም ለወራት የሚቆየው ግን፣ ይልቁንም በልጆች ላይ፣ የኤች አይ ቪ ምልክት ሊሆን ይችላል። በ2016 (እ.ኤ.አ.) በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ15 እስከ 49 ዓመት ከሆናቸው የጋምቤላ ነዋሪዎች ከመቶ 4.8 ቫይረሱ ተገኝቶባቸዋል፤ የአገሪቱ አማካይ 0.9 ነበር። እንዲህ ያለው ልጅ «ጆሮ ደግፍ ነው፣ ያልፋል» ተብሎ ቤት ከዋለ የሚያልፈው የሕክምናው ጊዜ ነው። ደሙ ተመርምሮ መድኃኒቱን ሲጀምር እብጠቱም ብዙ ጊዜ ይቀንሳል።

በአንድ ወገን ብቻ የሚያድግ ጠጣር እብጠት ደግሞ ወደ ሆስፒታል ይሂድ እንጂ በየሰፈሩ አይበጣ፤ ፊትን የሚያንቀሳቅሰው ነርቭ በጆሮ ፊቱ ዕጢ መካከል ያልፋልና።