ጭራዋን በልታ የምታድግ

ክረምት ሲገባ በሐይቅና በአምባሰል በየኩሬው ጭራ ያላቸው ጥቋቁር ፍጥረታት ይርመሰመሳሉ። ልጆች ዓሣ ይሏቸዋል፤ የእንቁራሪት እጮች ናቸው። የሥነ ሕይወት መምህር ነኝና ከልጃችሁ ጋር እንድታሳድጓቸው አጥብቄ እመክራለሁ።

አስቀድሞ ግን ጥንቃቄ! በሐይቅ አካባቢ ቢልሃርዚያ አለ። ልጁ ውኃ ውስጥ አይግባ፤ ቦቲና ጓንት ያደረገ አዋቂ በማጥለያ ያውጣቸው። አምስት ስድስት ይበቃል።

የሚያድጉበት ሳፋ የዝናብ ውኃ ይኑረው። የቧንቧ ከሆነ ክሎሪኑ እንዲወጣ ቢያንስ አንድ ቀን ክፍት ይቆይ። ምግባቸው የተቀቀለ ጎመን ነው፤ ቁንጥር ብቻ፣ ትርፉ ውኃውን ያበላሻል።

መጀመሪያ የኋላ እግሮች ይወጣሉ። የፊቶቹ ከቆዳ ሥር ተሠርተው ይቆዩና ድንገት ብቅ ይላሉ። ያኔ እጯ መብላት ታቆማለች፤ ልጁ ታመመች ብሎ ይጨነቃል። አልታመመችም። አፏ እየተለወጠ ስለሆነ ሰውነቷ ጭራዋን እያሟሟ ይመገባል። በሳንባ መተንፈስ ስለጀመረች ከውኃው ብቅ ያለ ድንጋይ አስቀምጡላት፤ አለዚያ ትሰጥማለች።

ጭራዋ ሲጠፋ ወደተወሰደችበት ኩሬ መልሷት። እንቁራሪቶችን የሚገድል የቆዳ ፈንገስ በአገራችንም ስለተገኘ፣ እባካችሁ ሌላ ውኃ ውስጥ አትልቀቋት።