689,472፦ የዕብራውያን አቆጣጠር ታላቁ ዑደት

689,472 የዕብራውያን ዘመን አቆጣጠር ከነቀናቱና ከነበዓላቱ ሳይዛነፍ የሚደገምበት የዓመታት ብዛት ነው። በመላው እስራኤል የአይሁድ በዓላት የሚከበሩት በዚሁ አቆጣጠር ነው። ቁጥሩ ሲተነተን 2⁶ × 3⁴ × 7 × 19 ይሆናል።

19 የመጣው ከጨረቃ ዑደት ነው፤ በ19 ዓመት ውስጥ 235 ወራት አሉ። ስሌቱ አንዱን ሰዓት በ1,080 ክፍል ስለሚከፍል ሳምንቱ 181,440 ክፍል አለው። የ235ቱ ወራት ርዝመት በሳምንት ሲካፈል 69,715 ክፍል ይተርፋል። የዚህ ቀሪና የ181,440 ትልቁ የጋራ አካፋይ 5 ነው። ስለዚህ ዑደቱ ከሳምንቱ ጋር ዳግም የሚገጥመው 181,440ን ለ5 በማካፈል ከሚገኘው 36,288 ድግግሞሽ በኋላ ነው። ይህ በ19 ሲባዛ 689,472 ይሰጣል።

የኢትዮጵያ ባሕረ ሐሳብም 532 ዓመት የሚፈጅ ዐቢይ ቀመር አለው፤ የተገኘውም የፀሐይን ዐውድ 28ን በጨረቃው 19 በማባዛት ነው። የሚያስደንቀው፣ 689,472 ለ532 ሲካፈል ያለ ቀሪ 1,296 መድረሱ ነው፤ ይህም 36 በራሱ ሲባዛ የሚገኘው ቁጥር ነው። ሁለቱም ቀመሮች ሳምንቱንና የ19 ዓመቱን የጨረቃ ዑደት ስለሚጠብቁ 7 እና 19 በሁለቱም ውስጥ አሉ። ሆኖም የዓመቶቻቸው አማካይ ርዝመት ስለሚለያይ ግጥምጥሙ የቁጥር እንጂ የዕለት አይደለም።